ጠፍ ያልነበረው መሬት፦ የባዮፊውል ፖለቲካ በድሬ ዳዋና በዙሪያዋ

ድሬ ዳዋን ያቆማት ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ነው። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ ማውጣቱ አስቸጋሪና ውድ ስለነበረ ጣቢያው ሜዳው ላይ ተተከለ። ከዚያ በኋላ በወንዙ አንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው መጋላ እያደጉ ከተማ ሆኑ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ ወደ መሐል አገር የሚገባ ብዙ ነገር፣ ነዳጅም ጭምር፣ በዚህች ከተማ በኩል አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የባቡሩ ሞተሮች ራሳቸው ወደ ናፍጣ ዞሩ።

አገሪቱ የራሷን ዘይት ለማግኘት ያደረገችው ፍለጋም ወደ ምሥራቅ ያተኮረ ነበር። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1945 የፍለጋ ፈቃድ አግኝቶ ኦጋዴንን ቆፈረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ቢገኝም ለማደያ የሚደርስ ቤንዚን ግን አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ ለሠላሳ ዓመት ያህል ድፍድፍ ሲያጣራ ቆይቶ በ1997 ተዘጋ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በርም ጠፋ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ተጣርቶ ያለቀውን ነዳጅ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል፣ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ፣ በቦቴ እያስመጣች መኖር ጀመረች። ባዮፊውል፣ ማለትም ከዕፅዋት የሚሠራ ነዳጅ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ የሆነው በዚህ የጥገኝነት ታሪክ ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ይልቅ ከድሬ ዳዋ ዙሪያ ይመለከታል፤ ከጎሮ ችግኝ ጣቢያ፣ ከሐረር በስተ ደቡብ ካለው የፈዲስ ቆላ፣ ከጅግጅጋ አጠገብ ካለው የቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ። በሦስቱም ቦታ ዕፅዋት ለኃይል፣ ለአፈር ጥበቃ ወይም ለሁለቱም መፍትሔ ተደርገው ቀርበዋል። ውጤታቸው ግን ለየቅል ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የዘሩ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ መዝገቡ ያሳያል። መሬቱን ማን ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ መቼና በማን እንደተጠየቀ ወሳኝ ነበር።

ጎሮ፦ መፍትሔ ተብሎ የተተከለው እሾህ

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ የመስኩ ጥናቶች መጀመሪያ የተተከለበት ቦታ ብለው የሚጠቅሱት ድሬ ዳዋ የሚገኘውን የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው። ያመጡት ሰዎች ሐሳብ ለሕዝብ የሚጠቅም ነበር። የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ገና ከሰው ልቡና አልወጣም፤ ቆላው ተራቁቷል፤ ነፋስ አሸዋውን ያነሣዋል። ይህ ዛፍ ደግሞ ሥሩን ጥልቅ ሰድዶ በጥቂት ውኃ ይኖራል፣ አሸዋ ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል፣ ማገዶና ከሰል ይሰጣል። ለተራቆተ ምድር ከዚህ የተሻለ የሚገኝ አይመስልም ነበር።

ያልታሰበው ነገር ከብቱ ነው። ፍየል፣ ግመልና ላም ጣፋጩን ፍሬ ይበሉታል፤ ዘሩ ግን በሆዳቸው ውስጥ አይሞትም። ከፍግ ጋር ወድቆ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። አርብቶ አደሩ መንጋውን እየተከተለ ሣር የሚፈልግበት የመስኖ ዳር፣ የወንዝ ዳርና የጎርፍ ሜዳ ቀድሞ የተያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ከድሬ ዳዋና ከሺኒሌ ቆላ እስከ አዋሽ ሸለቆ ድረስ ተስፋፋ። በአፋር ክልል ብቻ የያዘው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሆኑን የቅርብ ዓመታት የሳተላይት ጥናቶች ለክተዋል። ሣሩን ያጠፋል፣ የከብት መንገድ ይዘጋል፣ እሾሁ የእንስሳውንም የሰውንም እግር ያቆስላል።

ዛፉ ከቁጥጥር ከወጣ በኋላ ያንኑ ጥፋት ወደ ኃይል ምንጭነት የመለወጥ ሐሳብ መጣ። በአፋር የተቋቋሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዛፉን እየቆረጡ ከሰል እንዲያከስሉ ተፈቀደላቸው። ገቢ አስገኘ። ነገር ግን ጉቶው ከመሬት በታች ተቆፍሮ ካልወጣ ዛፉ ከበፊቱ በበለጠ ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ ያቆጠቁጣል። የከሰል ፈቃዱም አገር በቀሉን ግራር ለሚያከስሉ ሰዎች መሸፈኛ ሆነ። ይህ ተሞክሮ ለኋለኛው የባዮፊውል ዘመን ግልጽ ትምህርት ነበረው፦ ድርቅ የሚችል ተክል ሁሉ ለደረቅ አገር ይበጃል ማለት አይደለም፤ ሜዳው ላይ ዛፍ አለመኖሩም ሜዳው ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ትምህርቱን ግን ፖሊሲ አውጪዎቹ አልወሰዱትም።

የ2000 ዓ.ም. ቁጥሮች

የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂን ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007፣ አገሪቱ ሚሊኒየሟን በምታከብርበት ወር ነው። ጊዜው የሚያስጨንቅ ነበር። የዓለም የዘይት ዋጋ በየወሩ እየናረ ሄዶ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. በርሜሉ ወደ 147 ዶላር ደረሰ። ቡናው፣ ሰሊጡና ቆዳው ተሸጦ ከሚገኘው የውጭ ምንዛሪ አብዛኛውን ነዳጅ ይበላው ነበር። ከዚህ የተነሣ ስትራቴጂው ሁለት ሐሳብ ይዞ ቀረበ። አንዱ ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ ኢታኖል አውጥቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ነው። ሁለተኛው ከጃትሮፋ፣ ከጉሎና ከመሳሰሉት የዘይት ፍሬዎች ባዮዲዝል ማምረት ነው።

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ብራዚል ከ1973ቱ የዘይት ቀውስ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በጀመረችው ፕሮግራም መኪናዎቿን በሸንኮራ አገዳ ኢታኖል ማንቀሳቀስ ችላ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ባወጣው መመሪያ እስከ 2010 ድረስ ከትራንስፖርት ነዳጁ 5.75 በመቶው ከዕፅዋት እንዲሆን ግብ አስቀመጠ። በ2009 ደግሞ እስከ 2020 ድረስ ከትራንስፖርት ኃይሉ 10 በመቶው ታዳሽ እንዲሆን ወሰነ። አውሮፓ ግን ያን ያህል ዘይት የሚያበቅል ትርፍ መሬት አልነበራትም። ኩባንያዎች መሬት ፍለጋ ወደ አፍሪካ የዞሩት ለዚህ ነው። በአንድ ወገን የውጭ ምንዛሪ ያጠረው መንግሥት፣ በሌላ ወገን መሬት የሚፈልግ ኩባንያ በአንድ ሰነድ ላይ ተገናኙ።

የሰነዱን ቁጥሮች ማስተዋል ይገባል። ለሸንኮራ አገዳ ተስማሚ የሆነ 700 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዳለና ከዚያም አንድ ቢሊዮን ሊትር ኢታኖል ሊገኝ እንደሚችል ተገመተ። ለባዮዲዝል ሰብሎች ደግሞ ወደ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተስማሚ ነው ተባለ። ከዚህ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ኦሮሚያ ውስጥ ነበር። የኢትዮጵያ ጠቅላላ ስፋት ወደ 110 ሚሊዮን ሄክታር ነው። ስለዚህ ሰነዱ ከአገሪቱ ምድር ከአምስት እጅ አንዱን የሚበልጥ መሬት ለነዳጅ ሰብል ይሆናል ብሎ መዘገበ ማለት ነው።

ስትራቴጂው ይህን ያህል መሬት ሲቆጥር የእህል መሬት እንደማይነካ አረጋግጦ ነበር። የሚለማው የተራቆተ፣ ለእርሻ የማይመች፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት ነው ተባለ። አረፍተ ነገሩ በካርታ ላይ እውነት ይመስላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ግን ጥቅም ላይ ያልዋለ የሚመስለው መሬት የበጋ ግጦሽ ነው፣ የማገዶ ምድር ነው፣ የክረምት ውኃ ማቆሪያ ነው፣ የዝሆን መተላለፊያ ነው። ያልታረሰ እንጂ ያልተያዘ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፣ አርብቶ አደሮችም የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ጽፏል። ስትራቴጂው ይህን መብት በቆጠራው ውስጥ የሚያስገባበት መንገድ አላበጀም።

በደረቁ አገር ስለ ተራቆተ መሬት መነጋገር የቅንጦት ጉዳይ እንዳልነበረም መዘንጋት የለበትም። ስትራቴጂው ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ድሬ ዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ቤት አልባ አደረገ። ከከተማዋ በላይ ያለው ተዳፋት መራቆቱ ለጥፋቱ አንዱ ምክንያት ተደርጎ ተወስዷል። ስለዚህ ሥር የሚሰድድና አፈር የሚይዝ ተክል ተዳፋቱን ይመልሰዋል የሚለው የባዮፊውል ተስፋ በዚህ አካባቢ ጆሮ የሚያገኝ ቃል ነበር። ያ ቃል ግን በተራቆተው ተዳፋት ላይ ሳይሆን፣ ለትራክተር በሚመቸው ሜዳና ሸለቆ ላይ ነበር ሥራ የጀመረው።

ፈዲስ፦ ጉሎና ዝሆን በአንድ ሸለቆ

ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ወደ ምሥራቅ ሐረርጌ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከኦሮሚያ ክልል በፈዲስና በሚደጋ አካባቢ መሬት አገኘ። በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች ለጉሎ ልማት የተሰጠውን ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ያደርሱታል። ከኩባንያው እርሻ በተጨማሪ የአካባቢው ገበሬዎች በኮንትራት ጉሎ እየዘሩ እንዲሸጡለት ታቅዶ ነበር። ዘሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ ጉሎ በሐረርጌ በየአጥሩና በየጓሮው በራሱ ይበቅላል። ለክልሉ ባለሥልጣናት ይህ ኢንቨስትመንት ሥራ፣ መንገድና የውጭ ምንዛሪ ይዞ የመጣ ዕድል ነበር። ድርቅ በሚመላለስበትና ብዙ ቤተሰብ በእርዳታ እህል በሚደገፍበት ወረዳ እንዲህ ያለውን ዕድል መመለስ ቀላል አልነበረም፤ የሹማምንቱን ውሳኔ ስንመዝን ይህን ማሰብ አለብን።

ሆኖም ከተመነጠረው መሬት አብዛኛው የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። መጠለያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የጎበሌን፣ የኤረርንና የዳኬታን ሸለቆዎች አቅፎ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ተዘርግቷል። በዚያ የቀሩት ጥቂት መቶ ዝሆኖች በአፍሪካ ቀንድ ምሥራቅ ከነበረው ትልቅ የዝሆን ሕዝብ የተረፉ ናቸው። በጋ ሲሆን አንዱን ሸለቆ፣ ክረምት ሲሆን ሌላውን እየተከተሉ በሸለቆዎቹ መካከል ይመላለሳሉ። መንገዳቸው ላይ የተመነጠረው እርሻ ከመኖ ይልቅ መተላለፊያ ነው ያሳጣቸው። መንገድ ያጣ ዝሆን ደግሞ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሰውም ዝሆንም ይጎዳል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ የአንድ ሰው ክፋት አይደለም፤ ፖለቲካው ያለው በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ነው። መጠለያው ሲመሠረት የአንድ ማዕከላዊ መንግሥት ነበረ። ከ1987 ዓ.ም. በኋላ መሬት ማስተዳደር የክልሎች ሥልጣን ሆነ። የዱር እንስሳትን መጠበቅ የፌዴራል ድርሻም የክልል ድርሻም ሆነ። የመጠለያው ወሰን ደግሞ በካርታ ቢታወቅም በወቅቱ በሕግ ታውጆ አልጸደቀም ነበር። የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬት የመስጠቱን ሥልጣን ለክልሉ ይሰጣል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የወጣው ገና መሬቱ በሚሰጥበት ወቅት ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው ደግሞ ምንጣሮው ከተጀመረ በኋላ ነበር። ኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ መሬት የሚያስረክበው መሥሪያ ቤትና ዝሆኑን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አንድ ካርታ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም።

ይህን ክፍተት የሚዘጋ ሕግ አልጠፋም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር ያስገድዳል። ግምገማው በተገቢው መንገድ ቢካሄድ ኖሮ የመጠለያው ወሰን በመጀመሪያው ቀን በታየ ነበር። መልካ ማኅበርና የአካባቢ ጉዳይ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጧቸው ጥናቶች የጠቆሙት ዋናው ጉድለት ይኸው ነው፤ መሬቱ የተመነጠረው ምርመራው ሳይቀድም ነበር። የእነዚህ አገር በቀል ድርጅቶች ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ሲቪክ ማኅበራት ጫና ውስጥ በነበሩበት ዘመን መስክ ወርደው፣ ወሰን አይተው፣ ገበሬ አነጋግረው፣ ያዩትን ጽፈው አስቀሩልን። ዛሬ ስለ ፈዲስ በማስረጃ መናገር የምንችለው እነሱ ስለጻፉ ነው።

ለፍትሕ ሲባል ሌላውም ወገን መነገር አለበት። ባቢሌን ኩባንያው ብቻ አላጎሳቆለውም። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሠፈራ፣ የከብት ግጦሽ፣ ማገዶ ቆረጣና ሕገ ወጥ አደን የዝሆኑን ምድር እያጠበቡት ነበር። ልዩነቱ ገበሬው ጥቂት ጥቂት እያረሰ በዓመታት የገባበትን መሬት ትራክተር በአንድ በጋ መመንጠሩ፣ ይህም በመንግሥት ፊርማ መሆኑ ነው።

ጉሎው እንደታሰበው አልሆነም። ኩባንያው ስሙን ወደ አካዚስ ለወጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የምሥራቅ ሐረርጌው ሥራ ቆመ። በማሽላና በጉሎ መካከል ያለው ልዩነት ለገበሬው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ማሽላ ገዥ ቢያጣ ቤተሰቡ ይበላዋል፤ አገዳውን ከብት ይበላዋል፣ የተረፈው ማገዶ ይሆናል። ጉሎ ገዥ ካጣ አይበላም፤ ፍሬው መርዛማ ነው፤ ፋጉሎውም እንደ ኑግ ፋጉሎ ለከብት አይሆንም። ስለዚህ ኪሳራው ሲከፋፈል ኩባንያው ካፒታሉን፣ ገበሬው ግን የክረምት እህሉን ነው ያጣው። በወላይታም ያው ታየ። በዚያ ገበሬዎች ከጠባብ ማሳቸው ቀንሰው ጉሎ ዘርተው ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ በአካባቢው የምግብ እጥረት ሲገባ፣ በማሳቸው ላይ ያለው ሊበላ የማይችል ሰብል ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ የሥልጣን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ5 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆን የእርሻ መሬት ለባለሀብት የማስተላለፉን ሥራ የግብርና ሚኒስቴር ከክልሎች በውክልና ተረከበ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የማጽደቁ ሥልጣንም ለዚያው ዘርፍ፣ መሬቱን ለሚያስተላልፈው ሚኒስቴር ተወከለ። መሬት ሰጪውና ገምጋሚው አንድ እጅ ሆኑ ማለት ነው። ከፈዲስ የተወሰደው ትምህርት የወሰን ጥያቄን ለገለልተኛ ዓይን መስጠት ሊሆን ይገባው ነበር። የተወሰደው እርምጃ ግን ውሳኔውን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ብቻ ሆነ።

ቀብሪበያህ፦ ምድጃው ላይ የደረሰው ኢታኖል

ከሐረር ወደ ምሥራቅ፣ ከጅግጅጋ አልፎ፣ ቀብሪበያህ ላይ የሶማሊያ ስደተኞች ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈሩበት መጠለያ አለ። በዚያ ዋናው የኃይል ጥያቄ የምድጃ ነበር። ስንዴና ዘይት ከእርዳታ ድርጅት ይመጣል፤ የሚበስልበት እንጨት ግን ሴቶችና ልጃገረዶች ርቀው ሄደው የሚለቅሙት ነው። በመንገድ ላይ ጥቃት ያጋጥማቸዋል። በአካባቢው ከሚኖረው አርብቶ አደር ጋርም በሚመናመነው እንጨት ምክንያት ጠብ ይነሣል።

ጋያ ማኅበር የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆኖ በኢታኖል የሚሠራ ምድጃ ወደዚህ መጠለያ አስገባ። ኢታኖሉ የሚመጣው ከአገሪቱ ምዕራብ፣ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ፊንጫ በዓመት ወደ 8 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ያለው የኢታኖል ማምረቻ ነበረው፤ ጥሬ ዕቃው ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሞላሰስ ነው። ምድጃው ጭስ የለውም፣ ቶሎ ይበራል፣ እናት እንጨት ፍለጋ የምታጠፋውን ቀን ይመልስላታል። ማኅበሩ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 የአሽደን ሽልማትን አገኘ።

ይህ ሙከራ ከፈዲሱ የሚለይበት ነጥብ ግልጽ ነው። አዲስ መሬት አልጠየቀም። ማንንም ከግጦሹ አላስነሣም። የተጠቀመው በሸንኮራ እርሻው ውስጥ ያለውንና የሚባክነውን ተረፈ ምርት ነው። በእርግጥ የሸንኮራ እርሻዎቹ ራሳቸው የመሬት ታሪክ አላቸው። በድሬ ዳዋ የባቡር መስመር ላይ ያለው መተሐራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ሲመሠረት የከረዩ አርብቶ አደሮች የአዋሽ ዳር የበጋ ግጦሻቸውን አጥተዋል፤ ያ በደል ዛሬም በከረዩ ዘንድ ይነገራል። ኢታኖሉ ግን በዚያ ላይ አዲስ በደል አልጨመረም።

ሆኖም ምድጃው ከመኪናው ጋር ተፎካከረ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት በሱሉልታ ዴፖ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል አስጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ የመተሐራ ማምረቻም 12.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ተጨመረ። ድብልቁ የሚሸጠው አዲስ አበባ ላይ ነው። በድሬ ዳዋ ጎዳና ሕዝብ የሚያመላልሰው ባጃጅ የሚቀዳው ቤንዚን እንደቀድሞው ከጅቡቲ የመጣው ብቻ ነበር። የውጭ ምንዛሪ የሚያድነው ድብልቅ ቅድሚያ ስላገኘ ለምድጃ የሚቀርበው ኢታኖል አጠረ። አንድ ሊትር ኢታኖል ለዋና ከተማው መኪና ቢገባ ይሻላል ወይስ ለስደተኛዋ ምድጃ የሚለው የፖሊሲ ምርጫ ነበር። ምርጫው በግልጽ ክርክር አልተወሰነም፤ ቤንዚን በዶላር ስለሚገዛ ቁጥሩ በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ይታያል። ለቅሞ የመጣ እንጨት ግን ዋጋው በሴቶች ጀርባ እንጂ በመዝገብ አይጻፍም። ከአገሪቱ የኃይል ፍጆታ እጅግ የሚበዛው ከእንጨት፣ ከከሰልና ከኩበት እንደሚገኝ ሁሉ የሚያውቀው ሲሆን፣ የባዮፊውል ፖሊሲው ግን ዓይኑን የጣለው በጥቂቱ፣ በመኪናው ነዳጅ ላይ ነበር።

ከስኳር ተስፋ ወደ ኤሌክትሪክ

የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የስኳር ምርትን ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማድረስ ሲነሣ የኢታኖሉም ተስፋ አብሮ ሰፋ። አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች ግን ዘገዩ። በታችኛው አዋሽ፣ በአፋር የተተከለው ተንዳሆ ማምረት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲሆን ከታቀደለት በታች ቀረ። ስኳሩ ሳይኖር ሞላሰስ፣ ሞላሰሱ ሳይኖር ኢታኖል የለም። ድብልቁም በእጥረት እየተቆራረጠ ተዳከመ። ባዮዲዝሉ ደግሞ ብዙ ኩባንያ ፈቃድ ቢያወጣበትም በአገር አቀፍ ደረጃ ለገበያ ሳይበቃ ቀረ።

በዚሁ ጊዜ በድሬ ዳዋ በኩል ሌላ መስመር ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከድሬ ዳዋ እስከ ጅቡቲ የተሠራው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር የኢትዮጵያን የውኃ ኃይል ወደ ወደብዋ አገር መሸጥ ጀመረ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከነዳጅ ጥገኝነት የመውጣቱ ተስፋ ከጉሎና ከጃትሮፋ ወደ ግድብና ወደ ባትሪ ተዛወረ።

መዝገቡ የሚያስተምረው

ሦስቱን ቦታዎች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። በጎሮ የተነሣው ዛፍና በፈዲስ የተዘራው ጉሎ በሠላሳ ዓመት ገደማ የሚራራቁ፣ በተለያዩ መንግሥታት የተወጠኑ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው የሶሻሊስት መንግሥት የአፈር ጥበቃ፣ ሁለተኛው የገበያ ዘመን ኢንቨስትመንት ነበር። የተነሡበት ግምት ግን አንድ ነው፤ ቆላው ጠፍ ነው፣ ማንኛውም ተክል ያሻሽለዋል የሚል። ሁለቱም ዋጋቸውን ያስከፈሉት ያንን መሬት ቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ነው፤ አርብቶ አደሩን፣ የማሽላ ገበሬውን። የቀብሪበያህ ምድጃ ግን የተነሣው ከአንዲት እናት ችግር ነበር። ምን ያስፈልጋታል፣ ያንን ከየት እናገኝላታለን ብሎ ጠየቀ። ማንንም ሳይጎዳ መሥራት የቻለው ለዚህ ነው። ያዳከመው ደግሞ የኢታኖል ድልድሉ ከዋና ከተማው መኪና መነሣቱ ነው።

ባዮፊውል በራሱ ክፉ ነገር ነው የሚል ሰው ከዚህ ታሪክ ድጋፍ አያገኝም። ሞላሰስ ወደ ኢታኖል መለወጡ፣ የተንሰራፋው ፕሮሶፒስ በጥንቃቄ ተቆርጦ ከሥሩ ተነቅሎ ለኃይል መዋሉ ዛሬም ትርጉም ያለው ሥራ ነው። ከሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን እስከ ከተማ ምድጃ የሚያስፈልገው ኃይል ብዙ ነው። የሚያስፈራው ያው የቆየ አካሄድ በአዲስ ስም መምጣቱ ነው። ነገ በካርቦን ሽያጭ፣ በመስኖ ስንዴ ወይም በሌላ ተክል ስም ቆላው ዳግመኛ በሄክታር ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህ የታሪክ አጥኚ ከሙያው ወጥቶም ቢሆን ሊናገረው የሚገባ ነገር አለ። በድሬ ዳዋ፣ በሐረሪ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ መካከል ያለው ቆላ የአንድ አስተዳደር አይደለም፤ መንጋው፣ ዝሆኑና ጎርፉ ወሰን አያውቁም። የግጦሽ መንገዱን፣ የውኃ ቦታውንና የመጠለያውን ወሰን በአንድነት የሚያሳይ፣ አራቱም አስተዳደሮችና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዙበት ካርታ ከማንኛውም የመሬት ውል በፊት ሊኖር ይገባል። ካርታውን የሚሠሩትም መሬቱን በእግራቸው የሚያውቁት ሰዎች ከባለሙያ ጋር ሆነው መሆን አለባቸው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን መሬት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ሊያጸድቀው አይገባም። ገበሬ የማይበላ ሰብል እንዲዘራ የሚጠይቅ ውልም ገዥው ቢጠፋ የገበሬውን የዓመት እህል ማን እንደሚተካ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በፈዲስ ከእነዚህ አንዱም አልተሟላም፤ ሦስቱም ግን በ1999 ዓ.ም. በነበሩት ሕጎችና ባለሙያዎች ሊሟሉ የሚችሉ ነበሩ።